ባለመስታወት ቴሌስኮፕ እጃችሁ ገብቷል፤ አሁንስ?

ብዙ ቴሌስኮፕ ሁለት ሦስት ሌሊት ይሠራና ቁም ሳጥን ኋላ ገብቶ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። ባለቤቱን ብትጠይቁት "ምንም አያሳይም፣ ብዥ ያለ ነገር ነው" ይላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። ወይ መስታወቶቹ በትክክል አልተያዩም፣ ወይ ቱቦው ሳይቀዘቅዝ ነው የታየበት፣ ወይ ደግሞ ሰውየው ገና በመጀመሪያው ደቂቃ የመጨረሻውን ማጉያ ሰክቶበታል። ሦስቱንም ማስተካከል ይቻላል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። እነዚህ ከተስተካከሉ መስታወቱ 114 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ እንኳ የሳተርንን ቀለበት ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር። ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ አታዙሩት። ለሰከንድም ቢሆን። መስታወቱ የተሠራው ብርሃን ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ለማሳረፍ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን እንደዚያ ሰብስቦ ዓይን ላይ ካሳረፈ በቅጽበት ያጠፋል፣ የዓይናችን የውስጥ ክፍል ደግሞ ሕመም ስለማይሰማው መጎዳታችሁን የምታውቁት ካለፈ በኋላ ነው። ፀሐይን ማየት የሚቻለው የቱቦውን አፍ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ሲኖር ብቻ ነው። ከዓይን ሌንሱ (ዓይናችንን አስጠግተን ከምናይበት ትንሽ ሌንስ) ጋር የምትጠመዘዝ ትንሽ ጥቁር የፀሐይ ማጣሪያ አብራ ከመጣች ጣሏት። ሙቀቱ ይሰነጥቃታል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ቴሌስኮፑን ቀን ላይ ክፍቱን አትተዉት።

ሁለት ቁጥሮች

የአብዛኞቻችን ቴሌስኮፕ አይዛክ ኒውተን በ1668 እ.ኤ.አ. የሠራው ዓይነት ነው። ቱቦው ስር ሥርጉድ መስታወት አለ፤ ዋናው እሱ ነው። ከሰማይ የገባውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሰዋል። አፉ አካባቢ በ45 ዲግሪ ያዘነበለች ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ትቀበለውና ወደ ጎን ታወጣዋለች። እኛም ከጎን በዓይን ሌንስ እናያለን። በቃ ይኸው ነው።

ቱቦው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ስታነቡ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 130 እና 650። የመጀመሪያው የዋናው መስታወት ስፋት ነው፣ ሁለተኛው የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም ብርሃኑ ከመስታወቱ ተነስቶ አንድ ቦታ እስኪሰበሰብ ያለው ርቀት፣ ሁለቱም በሚሊሜትር። ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ለማወቅ የትኩረት ርቀቱን የዓይን ሌንሱ ላይ ለተጻፈው ቁጥር ማካፈል ነው። 650 ለ25 ሲካፈል 26 እጥፍ ይሆናል። ለ10 ሲካፈል 65 እጥፍ። የሌንሱ ቁጥር ባነሰ ቁጥር የበለጠ ያጎላል ማለት ነው፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይገለበጥበታል።

የቴሌስኮፕ ጉልበት ያለው መስታወቱ ስፋት ላይ ነው። 200 ሚሊሜትር መስታወት ከ100 ሚሊሜትሩ አራት እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ማጉላት ግን ጣሪያ አለው፤ የመስታወቱን ስፋት በሚሊሜትር ወስዳችሁ በሁለት ስታባዙት የምታገኙት ቁጥር ላይ ያበቃል፣ ያውም አየሩ በጣም ጥሩ በሆነበት ሌሊት። ስለዚህ 76 ሚሊሜትር መስታወት ያለው ዕቃ ካርቶን ላይ "525 እጥፍ" ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ስታዩ አትደነቁ። ስሌቱ ልክ ነው፤ የትኩረት ርቀቱ 700 ለ4 ሚሊሜትር ሌንስ ተካፍሎ፣ ባርሎ በሚባለው ማጉላቱን በሚያበዛ ተጨማሪ ሌንስ በ3 ተባዝቶ ነው የመጣው። ግን በዚያ ማጉላት የምታዩት ጨለማና ብዥታ ነው። የዚያ መስታወት ጣሪያ 150 አካባቢ ነው።

ማቆሚያው

ማቆሚያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ይህን ቀላል ማቆሚያ ባስፋፋው በጆን ዶብሰን ስም የሚጠራው ዶብሶኒያን ነው። መሬት ላይ የሚቀመጥ ሣጥን መሰል መሠረት አለው፣ ቱቦው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። የጠነከረና የተስተካከለ ቦታ ላይ አስቀምጡት፣ ተጠናቀቀ። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ገንዘቡ ብዙ ዘንግና ማርሽ ላይ ሳይሆን መስታወቱ ላይ ስለሚውል።

ሁለተኛው ኢኳቶሪያል የሚባለው ነው። ትራይፖድ፣ ዘንግና የሚዛን ክብደት ያለው። ይኼኛው መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፤ አስተሳሰቡ ግን ቀላል ነው። አንዱ ምሰሶው ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ እንዲሆን ይደረጋል፣ ከዚያ አንድ መዘውር ብቻ ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ ኮከቡን መከተል ትችላላችሁ። ጎኑ ላይ በዲግሪ የተከፋፈለ መለኪያ አለ፤ ያላችሁበትን ቦታ ኬክሮስ እዚያ ላይ ሙሉ። ቀጥሎ ምሰሶውን በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከሆናችሁ ወደ ሰሜን፣ በደቡቡ ከሆናችሁ ወደ ደቡብ አዙሩ። በዓይን ለማየት ይህ ይበቃል። ትክክለኛ ልኬት የሚያስፈልገው ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ነው።

የሚዛኑን ነገር ግን በጥንቃቄ ሥሩ። መጀመሪያ ክብደቱ በዘንጉ ላይ ይግባ፣ ቱቦው ከዚያ በኋላ ይጫን። በዘንጉ ጫፍ ላይ የምትታሰር አንዲት ብሎን አለች፤ ሰው ብዙ ጊዜ ዋጋ አይሰጣትም፤ ክብደቱ ተንሸራቶ እግር ላይ እንዳይወድቅ የምታደርገው ግን እሷ ናት። ቱቦውን ከጫናችሁ በኋላ ዘንጉን አግድም አድርጋችሁ ማሰሪያውን ላሉት፣ እጃችሁን ግን አትልቀቁ። ቱቦው ከወረደ ክብደቱን ወደ ጫፍ ግፉት፣ ክብደቱ ከወረደ ወደ ውስጥ ሳቡት። ስትለቁት ባለበት ከቆመ ሚዛን ገባ ማለት ነው። ቱቦውንም በቀለበቶቹ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተታችሁ እንደዚሁ አድርጉ፤ የዓይን ሌንሱ ተሰክቶ ይሁን፣ እሱም ክብደት አለው።

አነጣጣሪዋን በቀን ጨርሷት

ቱቦው ጎን ላይ ያለችው ትንሽ መመልከቻ፣ ወይም ቀይ ነጥብ የምታሳየዋ፣ ማነጣጠሪያ ናት። ያለ እሷ በቴሌስኮፕ ሰማይ ላይ አንድ ነገር መፈለግ አድካሚ ነው፤ የምታዩት የሰማይ ቁራጭ በጣም ጠባብ ነውና። የምትስተካከለው በቀን ነው። ራቅ ያለ፣ ቢያንስ ብዙ መቶ ሜትር የሚርቅ ነገር ፈልጉ፤ የአንቴና ጫፍ፣ የምሰሶ አናት፣ ፀሐይ ካለችበት አቅጣጫ ተቃራኒ ይሁን። ትልቅ ቁጥር ያለውን ሌንስ ሰክታችሁ ያንን ጫፍ መሃል ላይ አምጡ። ከዚያ ቱቦውን ሳታነቃንቁ የአነጣጣሪዋን ትንንሽ ብሎኖች እያዞራችሁ ያው ጫፍ መስቀለኛው መስመር ወይም ቀይ ነጥቡ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ከዚያ በትንሹ ሌንስ ደግማችሁ አረጋግጡ።

በነገራችን ላይ አንቴናው የተዘቀዘቀ ሆኖ ይታያችኋል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ የዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ጠባዩ ነው። ሰማይ ላይ ደግሞ ላይና ታች ብሎ ነገር የለም። ቀይ ነጥቧን ግን ስትጨርሱ አጥፏት፤ ባትሪዋ ያልቃል።

መስታወቶቹን ማስተካከል

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ኮሊሜሽን ይባላል፤ ሁለቱ መስታወቶችና የዓይን ሌንሱ በአንድ መስመር እንዲተያዩ ማድረግ ነው። ስሙን ሰምቶ የሚሸሽ ሰው ብዙ ነው፤ "እነካካና አበላሸዋለሁ" ይላል። አታበላሹትም። ብሎኖቹ የተሠሩት እንድታዞሯቸው ነው። ዕቃው በመኪና ሲጓጓዝ፣ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ መስታወቱ ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ ከመታየቱ በፊት ማረጋገጥ የሁልጊዜ ሥራ ነው። እጅ ሲለምድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የሚያስፈልጋችሁ መሃሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ክዳን ነው፤ አንዳንዱ ቴሌስኮፕ አብሮት ይመጣል፣ ከሌለ በፎከስ ቱቦው (የዓይን ሌንሱ በሚሰካበት አጭር ቱቦ) ልክ የሚገባ የፕላስቲክ ክዳን መሃሉን በስቶ መሥራት ይቻላል። ክዳኑ ጥቅሙ ዓይናችሁን መሃል ላይ ማስያዝ ነው። ሌዘርም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ራሱ ሌዘሩ የተዛባ ሊሆን ይችላል። እዚያው ቱቦ ውስጥ እንዳለ አዙሩት፤ ቀይ ነጥቡ መስታወቱ ላይ ክብ እየሠራ ከዞረ ሌዘሩ አይታመንም።

ብርሃን ባለበት ሁኑ። ቱቦውን አግድም አድርጉት፤ ቁልፍ ወይም ካቻቢቴ ከእጃችሁ ቢያመልጥ ዋናው መስታወት ላይ እንዳይወድቅ። ከፎከስ ቱቦው ትይዩ ባለው የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነጭ ወረቀት ብትለጥፉ ትንሿ መስታወት ጎልታ ትታያለች።

አሁን በክዳኑ ቀዳዳ ተመልከቱ። መጀመሪያ የምታዩት ትንሿን መስታወት ነው። ክብ ሆና፣ ከፎከስ ቱቦው መሃል ተቀምጣ መታየት አለባት። ሞላላ ከሆነች ወይም ወደ አንድ ወገን ከሸሸች የመሃሏን ብሎን ትንሽ ላላ አድርጋችሁ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ውሰዷት፣ አዙሯት። ይህ አንዴ ከተሠራ ለረጅም ጊዜ አይነካም።

ሁለተኛው ደረጃ ላይ በትንሿ መስታወት ውስጥ የዋናውን መስታወት ምስል ፈልጉ። ዋናውን መስታወት የያዙት ሦስት ትንንሽ መቆንጠጫዎች ጠርዝ ጠርዙ ላይ አሉ። ሦስቱም እኩል መታየት አለባቸው። አንዱ ከተደበቀ ትንሿ መስታወት ዘንብላለች ማለት ነው። ከመሃል ብሎኗ ዙሪያ ያሉትን ሦስቱን ብሎኖች ተጠቀሙ፤ አንዱን ሩብ ዙር ስታላሉ ሌሎቹን በመጠኑ አጥብቁ። በኃይል አይደለም። የአብዛኛው ዋና መስታወት ትክክለኛ መሃሉ ላይ ትንሽ ቀለበት ተለጥፎበታል፤ ቀለበቱ ከቀዳዳችሁ ትይዩ ሲመጣ ይህ ደረጃ አልቋል። በሌዘር ከሆነ ቀይ ነጥቡ ቀለበቱ ውስጥ ሲያርፍ ነው።

ሦስተኛው ዋናው መስታወት ነው። ቱቦው ኋላ ሂዱ። ሦስት የሚዞሩ ብሎኖች አሉ፣ ከጎናቸውም ሦስት ማሰሪያዎች። ማሰሪያዎቹን መጀመሪያ አላሉ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ በክዳኑ ቀዳዳ እየተመለሳችሁ እዩ፤ የክዳኑ የራሱ ቀዳዳ እንደ ጥቁር ነጥብ ተንጸባርቆ ይታያችኋል፣ ያ ነጥብ ቀለበቱ መሃል እስኪገባ ነው ሥራው። ሰው ካለ አንዱ ያዙር፣ አንዱ ይይ፤ ግማሽ ጊዜ ይቆጥባል። በሌዘር ከሆነ የሚመለሰው ጨረር በወጣበት ቀዳዳ ይገባል። ሲያልቅ ማሰሪያዎቹን ቀስ ብላችሁ አጥብቁ፣ ሲጠብቁ ሊያዛቡት ስለሚችሉ አንዴ ደግማችሁ እዩ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። የትኩረት ርቀቱ ለመስታወቱ ስፋት ሲካፈል 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የትንሿ መስታወት ጥቁር ጥላ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ መስሎ ይታያል። ትክክል ነው፣ አትንኩት። ቱቦው ደግሞ ከተጻፈው የትኩረት ርቀት በጣም ያጠረ ከሆነ፣ ለምሳሌ 1000 ተብሎ ቱቦው ግማሽ ሜትር ከሆነ፣ ፎከስ ቱቦው ውስጥ የተደበቀ ሌንስ አለ ማለት ነው። እንደዚህ ዓይነቱን በሌዘር አታስተካክሉ፤ የተደበቀው ሌንስ ጨረሩን ያዛባዋል።

የመጨረሻው ፈተና ኮከብ ነው። ደማቅ ኮከብ መሃል ላይ አድርጋችሁ በደንብ አጉሉት፣ ከዚያ ፎከሱን ትንሽ አጥፉት። ኮከቡ ይሰፋና ቀለበት በቀለበት ይሆናል። ቀለበቶቹ አንድ መሃል ካላቸው ሠርቷል። ወደ አንድ ጎን ከተጨመቁ ዋናውን መስታወት በጥቂቱ መንካት ይቀራችኋል። የሰሜን ኮከብ በሚታይበት አካባቢ ላለ ሰው ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ የለም፣ ከቦታው ብዙም አይነቃነቅምና።

ማቀዝቀዝና ቦታ መምረጥ

ቴሌስኮፑን ከማየታችሁ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጭ አውጡት። ሞቅ ካለ ቤት የወጣ መስታወት ሙቀቱን እየለቀቀ አየሩን ቱቦው ውስጥ ያተራምሰዋል፤ ከጋለ አስፋልት በላይ ያለው አየር ሲንቀጠቀጥ እንደምታዩት ማለት ነው። ሰው "ፎከስ አልገባ አለኝ" የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መስታወቱ በሰፋ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል። በመስኮት በኩል ማየትም አይሆንም፤ የመስኮቱ መስታወትም፣ በመስኮቱ የሚወጣው ሙቀትም ምስሉን ያበላሹታል። በጣሪያ ቆርቆሮ ላይ አሻግሮ ማየትም እንደዚሁ፤ ቀን የዋለበትን ሙቀት ማታ ይተፋል።

ከዋክብት በጣም እየተብለጨለጩ ከሆነ አየሩ የተረበሸ ነው፤ ያን ሌሊት ፕላኔት አጉልቶ ለማየት አትድከሙ። ረጋ ብለው የሚያበሩ ከሆነ ግን ዕድላችሁ ነው፣ አጉሉ።

ለዓይናችሁም ጊዜ ስጡት። ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንዴ ስልክ ከከፈታችሁ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ተጠቀሙ። ስቴላሪየም የሚባለው የሰማይ ካርታ መተግበሪያ ገጹን ወደ ቀይ የሚቀይርበት አማራጭ አለው፤ ያኔም ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት።

ምን ልይ?

ሁልጊዜ በትልቁ ቁጥር ሌንስ ጀምሩ። 25 ወይም ከዚያ በላይ። ሰፊ ሰማይ ያሳያል፣ ብሩህ ነው፣ የፈለጋችሁትን ታገኙበታላችሁ። መሃል ካደረጋችሁት በኋላ ወደ ትንሹ ሌንስ እለፉ፣ ሌንስ በቀየራችሁ ቁጥር ፎከሱን እንደገና አስተካክሉ። ኮከብ ሲጠራ የምታውቁት ወደ ትንሽ ነጥብ ሲሰበሰብ ነው። መሃሉ ጥቁር የሆነ ብሩህ ቀለበት ካያችሁ ፕላኔት አይደለም፤ ከፎከስ የወጣ ኮከብ ነው፣ ጥቁሩ ደግሞ የትንሿ መስታወት ጥላ ነው።

ያያችሁት ነገር እየሸሸ ይሄድባችኋል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለችና። በ65 እጥፍ ማጉላት ሦስት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ከእይታችሁ ይወጣል፣ በ130 እጥፍ በግማሹ ጊዜ። ቱቦውን ገፋ እያደረጋችሁ ተከተሉት። ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የተመቸው ሰው ብዙ ያያል። እጃችሁን ቱቦው ላይ አታሳርፉ።

ከጨረቃ ጀምሩ። ሙሉ ጨረቃ ግን አይደለም፤ የፀሐይ ብርሃን ፊት ለፊት ስለሚመታት ጠፍጣፋ ትመስላለች። ግማሽ ስትሆን፣ ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበትን መስመር ተከትላችሁ እዩ። እዚያ ጋ የተራሮቹ ጥላ ይረዝማል፣ ጉድጓዶቹ ጥልቀታቸው ይወጣል። ኮፐርኒከስ የሚባለው ጉድጓድ 93 ኪሎሜትር ስፋት አለው፤ የግድግዳው እርከኖችና መሃሉ ላይ ያሉት ተራሮች በትንሽ ቴሌስኮፕም ይለያሉ።

ጁፒተር ላይ አራቱን ጨረቃዎች ታገኛላችሁ፣ ጋሊሊዮ በጥር 1610 እ.ኤ.አ. ያያቸውን። በአንድ መስመር የተደረደሩ ነጥቦች ናቸው፤ አንዳንዴ ሦስት ብቻ ይታያሉ፣ አራተኛው ከፊት ወይም ከኋላ ሆኖ ነው። ለፕላኔቱ ቅርብ የሆነው አዮ አንድ ዙር የሚጨርሰው ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ስለሆነ በአንድ ምሽት ውስጥ ቦታ ሲቀይር በዓይናችሁ ታያላችሁ። አካሉ ላይ ያሉትን ቡናማ መስመሮች ለማየት ግን ዓይናችሁን ሳታነሱ ብዙ ቆዩ። አየሩ ለአፍታ ሲረጋ ብቅ ይላሉ፣ ደግሞ ይጠፋሉ።

የሳተርን ቀለበት በ25 እጥፍ ማጉላትም ይለያል። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ቀለበቱ ጠርዙን ወደ እኛ አዙሮ ስለነበር ቀጭን መስመር ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓመት እየተከፈተ ነው። ማርስ ደግሞ ለእኛ የምትቀርበው በየ26 ወሩ ነው፣ በሌላው ጊዜ ትንሽ ቀይ ነጥብ ሆና ብታሳዝናችሁ ቴሌስኮፑን አትውቀሱ።

ከፕላኔቶች ወጣ ስትሉ የኦሪዮንን ኔቡላ ፈልጉ፤ ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ከኦሪዮን ቀበቶ ሦስት ከዋክብት አጠገብ፣ ሰይፉ በሚባለው የከዋክብት ሰልፍ መሃል ነው። 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ፎቶ ላይ እንደምታዩት ቀይና ሐምራዊ አይሆንም፤ ካሜራ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ያጠራቅማል፣ ዓይን ግን አይችልም። ግራጫ፣ ክንፉን የዘረጋ ጭጋግ ሆኖ ነው የሚታየው፤ መሃሉ ላይ በጣም የተጠጋጉ አራት ከዋክብት አሉ። ደብዛዛ ነገር ስታዩ ቀጥታ አታፍጡበት። ከጎኑ ትንሽ ራቅ ያለ ቦታ እዩ፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት የዓይን ሕዋሳት ያሉት ከመሃል ውጭ ነውና ጭጋጉ ድንገት ይሰፋል። አንድሮሜዳ ጋላክሲንም በዚሁ ዘዴ ሞክሩ፣ በትልቁ ቁጥር ሌንስ። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ከሚርቅ ቦታ የመጣ ብርሃን ነው ዓይናችሁ ውስጥ የገባው።

ተጨማሪ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። አብረው ከሚመጡት ሌንሶች 4 ሚሊሜትሩን አስቀምጡት፤ ደህና ጥራት ያለው 6 ወይም 8 ሚሊሜትር ብዙ ያገለግላችኋል። ባርሎ ሌንስም ከገዛችሁ ሁለት እጥፍ የሚያደርገው ይበቃል።

መስታወቱን አትወልውሉ

አቧራ ያለበት መስታወት በጨለማ ባትሪ አብርታችሁ ስታዩት ያስደነግጣል። ተዉት። ትንሽ አቧራ በምስሉ ላይ ለውጥ የለውም፣ በጨርቅ መወልወል ግን ላዩ ላይ ያለውን በጣም ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ይቧጭረዋል፤ ያ ደግሞ አይመለስም። በጣም ቆሽሾ ማጠብ ግድ ከሆነ መስታወቱን አውጥታችሁ ቀስ ብሎ በሚወርድ ውኃ አቧራውን አስወግዱ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ባለበት ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጥጥ ሳትጫኑ አንድ ጊዜ ጎትቱበት፣ ያንን ጥጥ ጥላችሁ በአዲስ ቀጥሉ፣ መጨረሻ ላይ በተጣራ ውኃ አለቅልቁና ጎኑን አቁማችሁ አድርቁ። መልሳችሁ ስትገጥሙ መቆንጠጫዎቹ መስታወቱን መጭመቅ የለባቸውም፤ ከተጨመቀ ከዋክብት ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ። ኮሊሜሽኑንም እንደገና ትሠሩታላችሁ።

ሌሊት ላይ ጤዛ ከያዘው ቤት አስገብታችሁ ክዳኑን ሳትገጥሙ እስኪደርቅ ተዉት። እርጥብ ሆኖ ከተከደነ ሽፋኑ ቶሎ ይበላሻል። ሲደርቅ ክደኑት፣ የፎከስ ቱቦውንም ድፈኑ፣ ቱቦውን አጋድማችሁ አስቀምጡ።